በረንዳ ላይ የከረመው ታፓ

የሰፈራችን ሰው ስለ ፒሲላ ሲያወራ መጨረሻው ላይ «ከዚያማ ይቅር አለችው» ብሎ ይደመድማል። ውሸት ነው። ፒሲላ ማንንም ይቅር አላለችም፤ ፌሌቲንም፣ እኔንም። ሰው ወሬው ሲያልቅ ሁሉም ታርቆ ቢያድርለት ደስ ይለዋል እንጂ፣ ሴትዮዋ ዛሬም መስኮቷን ከፍታ መንገዱ ማዶ ያለውን የፌሌቲን በረንዳ እያየች ነው የምትውለው። በዚህ ጉዳይ የእኔም እጅ ስላለበት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገረዋለሁ።

ሲታሌኪ እባላለሁ። ሥራዬ የአየር ማውጫ መትከል ነው። በኦክላንዱ ሰፈራችን በማንገሬ ካለው የመታጠቢያ ቤት ቬንትሌተር ግማሹን የተከልኩት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሥራው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰው ስለሚበላው ምግብ ሲጨቃጨቅ ይውላል፣ ስለሚተነፍሰው አየር ግን የሚጠይቅ የለም። አምስት ሰው በአንዲት ክፍል ተዘግቶ ሲያድር ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጣው እርጥበት ጠፍቶ አይቀርም፤ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ግድግዳው ጠጥቶ ሲጠግብ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው ዱቄቱን አየሩ ውስጥ ይበትናል፣ እኛ ደግሞ መልሰን እንስበዋለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እርጥቡ አየር ይውጣ፣ ደረቁ ይግባ። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ ያንን ሥራ የሠራሁት።

ፒሲላ እንደኛው ቶንጋ ናት፤ የሃፓይ ደሴት ልጅ። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር የዛፍ ቅርፊት ስትቀጠቅጥ ነው ያደገችው። ቅርፊቱ በእንጨት መዶሻ እየተደበደበ እንደ ጨርቅ ይሳሳል፣ በስታርች ሙጫ ይጣበቃል፣ ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ ያኔ ታፓ ይባላል። በሃያ ሁለት ዓመቷ ወደ ኦክላንድ መጣች፤ ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ሠላሳ ዓመት በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ኖረች። ክንዷ ወፍራም፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው። ቂም አያያዟን ለማወቅ ደግሞ ይህን ስሙ፦ ለቤተ ክርስቲያን ድግስ የሠራችውን የታሮ ቅጠል፣ የጎደሬ ወጥ በሉት፣ «ጨው አንሶታል» ያለቻትን ሴት ዐሥራ አንድ ዓመት አላናገረቻትም። በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ሴትየዋ ሞተች፤ ፒሲላ ለቀብሩ የታሮ ቅጠል ሠርታ ሄደች፣ ጨውም አልጨመረችበትም።

የፒሲላ ሀብት አንድ ነበር። እናቷና የመንደሩ ሴቶች የሠሩላት፣ ሃምሳ ክፍል ያለው ታፓ። ሲዘረጋ ከአዳራሻችን በር እስከ መድረኩ ይደርሳል። እናቷ ሠርታ በጨረሰችበት ዓመት ስለሞተች የእጇ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ፒሲላ ለገዛ ቀብሯ ነበር ያስቀመጠችው። የሚቀመጠው ደግሞ እንደ ማንኛዋም የቶንጋ ሴት ሀብት ታጥፎ ፍራሽ ስር ነው። እዚያ ይስተካከላል፣ ሌባ አያየውም፣ የታፓው ባለቤትም ተኝታበት ታድራለች።

ባሏ ሲሞትና የድሮ ቤቷን ስትለቅ የወንድሟ ልጅ ፌሌቲ ደረሰላት። ፌሌቲ ሦስት ቤት ያለው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጸሎት ሲመራ ድምፁ መኪና ማቆሚያው ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። ከገዛ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ቤት አከራያት። እኛ ቶንጋዎች ዘንድ የአባት እህት ቀልድ አይደለችም፤ ድግስ ላይ የላይኛው ምንጣፍ የሷ ነው፣ ቃሏ አይመለስም፣ ፊቷ ድምፅ ከፍ አይደረግም። ስለዚህ ፌሌቲ አክስቱን አስጠግቶ አኖረ ተብሎ ተመሰገነ፤ በየስብከቱ ስሙ ተነሣ። ኪራዩን በየሳምንቱ እንደሚቀበል ግን የተናገረ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ፌሌቲ እኔን ጠራኝ። መታጠቢያ ቤቱ ቬንትሌተር ያስፈልገዋል፤ ሕጉ ያስገድዳል። ተከልኩለት። ቱቦውን በጣራው ላስወጣ ስል ቆርቆሮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ጣራዬ አዲስ ነው፣ አትብሳብኝ። እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ይተንፍስ፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። እሺ አልኩ። ሽማግሌ ነው፣ ሥራም ይሰጠኛል። ወጥቼ መሰላሌን መኪናዬ ላይ ስጭን ከራሴ ጋር አልተጣላሁም፤ አሁን ሳስበው የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ውስጥ ስርቆት ሲበዛ ደግሞ ፌሌቲ የመኝታ ቤቶቹን መስኮቶች ሁሉ በቪቴ ጠረቀማቸው። ፒሲላ ሁለቱን በወጥ ቤት ቢላ ፈትታ ነበር፤ በማግስቱ መጥቶ መልሶ አጠበቃቸው፣ በላዩም ቀለም ቀባበት። «አክስቴ፣ ሌባ ቢገባብዎት ሰው እኔን ነው የሚወቅሰኝ» አላት። ቢላዋን ወደ ወጥ ቤት መለሰች። የወንድም ልጅ የሰጠውን ቤት ማማት የገዛ ቤተሰብን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። እኛ ሰዎች በአክብሮት ስም ብዙ ነገር ውጠናል፤ ሳልም ሳይቀር አፋችንን ይዘን ነው የምንስለው።

የቤቱ ሰው አምስት ነው፦ ፒሲላ፣ አየር ማረፊያው ምግብ ዝግጅት ክፍል በፈረቃ የምትሠራው ልጇ፣ ሦስት የልጅ ልጆች። ትንሿ ሲያሌ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከአያቷ ጋር አንድ አልጋ፣ በታፓው ላይ ትተኛለች። ዓምና ክረምት ሳል ጀመራት። አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ ተሻላት፤ ተመለሰባት። ሰኔ ላይ ሆስፒታል ገባች፣ ሐምሌም ገባች፣ ነሐሴ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻው ሐኪሙ ፎቶውን አንሥቶ አሳያቸው። የግራ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል የአየር መንገዶቹ ሰፍተው ቅርጻቸው ጠፍቷል፣ አክታ ይጠራቀምበታል፣ እንደ ድሮው አይሆንም። «የቀረውን ማትረፍ እንችላለን» አለ። «የሚመጣውን ክረምት ግን እርጥብ ቤት ውስጥ ማሳለፍ የለባትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፒሲላ ሕይወት ሁለት ሥራ ሆነ። አንደኛው ጠዋትና ማታ ሕፃኗን ጭኗ ላይ በደረቷ አስተኝታ ጀርባዋን በጎባጣ መዳፍ መደብደብ ነው፤ አክታው እንዲላቀቅ ነርሷ ያስተማረቻት ነው። ቅርፊት የቀጠቀጠ ክንድ ስለሆነ ምቱ አይዛነፍም፤ ሦስት አጥር ተሻግሮ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። ሁለተኛው ሥራዋ ፌሌቲ ነው።

መስከረም ላይ አስጠራችውና አልጋዋን ከግድግዳው ስባ አሳየችው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገብ ጠቁሯል።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ እኮ የእናንተ ትንፋሽ ነው» አላት።

«የኛ ትንፋሽ?»

«አምስት ሰው ይተነፍሳል። ድስቱ ቀኑን ሙሉ ይፈላል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል። ቤቱ ምን ያድርግ?»

«እና ትንፋሻችንን በር ላይ አስቀምጠን እንግባልህ?»

ሳቀ። ይህን ራሷ ነግራኛለች፤ «ሳቀ» ስትለኝ ጥርሷን ነክሳ ነበር። በማግስቱ በረኪናና አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም ይዞ መጣ። ግድግዳውን ወለወለው፣ ቀባው፣ ሙሽራ አስመሰለው።

ፒሲላ የዋዛ አይደለችም፤ የጤና ጎብኚ አስመጣች። ሂኔ የምትባል፣ ነገሯ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ የአገሩ ተወላጅ የማኦሪ ሴት ናት። ሂኔ ከአየሩ የሻጋታ ዘር የሚያጠምድ ጄሊ የመሰለ ነገር የፈሰሰባቸው ሦስት ክብ ሳህኖች ከፍታ አስቀመጠች፤ አንዱን አልጋው ስር፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ አንዱን ውጭ ደረጃው ላይ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከድና ወሰደቻቸው። በሳምንቱ ይዛቸው ተመለሰች። የውጭው ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጠብጣብ ወጥቷል። የመታጠቢያ ቤቱ ግማሹ ተሸፍኗል። የአልጋው ስር ግን ጄሊው አይታይም፤ አረንጓዴና ጥቁር ጠጉር አብቅሎ ክዳኑን ሊነካ ደርሷል።

«ዘሩ የትም አለ፣ እማማ» አለች ሂኔ። «ውጭም አለ። ቤት ሲረጥብና አየር ሳይለወጥ ሲቀር ግን ማደሪያ ያገኛል። ማደሪያ ላይ ደግሞ ቀለብ ሲጨመርለት እንዲህ ይሆናል። አልጋው ስር ምን አለ?»

ፒሲላ ፍራሹን አነሣች። ታፓውን የመጨረሻ ጊዜ የፈታችው ባሏ የሞተ ጊዜ ነበር። የላይኛውን እጥፋት ስትገልጠው ጥቁር ነው። ቀጣዩም። ሻጋታው የእናቷን የስታርች ሙጫ እየበላ እጥፋት ከእጥፋት ወርዷል። ሂኔ እንደነገረችኝ ፒሲላ አላለቀሰችም፤ «እኔ ነኝ ቀለቡን የሰጠሁት። እላዩ ላይም ልጄን አስተኛኋት» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሣችና ታፓውን አጥፋ በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ወደ ጋራዡ ወሰደችው። ሰው በራሱ ላይ የመጣበትን ጥፋት ተሸክሞ ሲቀመጥ የሚያደርገው አያጣም፤ ፒሲላ ያደረገችው ቂሟን እንደ ቢላ መሳል ነው።

ፌሌቲ ግን ለሂኔም መልስ ነበረው። መታጠቢያ ቤት አስገባት፣ ቬንትሌተሩን አበራ፣ አንድ ሶፍት ቀዶ ወንፊቱ ላይ አስጠጋው። ሶፍቱ ልጥፍ አለ። ከእጁ ለቀቀው፤ አልወደቀም።

«እንዴት እንደሚስብ አየሽ? ማሽኑ ይሠራል፣ ችግሩ ሰዎቹ አያበሩትም» አላት።

ይህን ሙከራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሥራችን ወግ ነው፤ ሶፍት ከተለጠፈ ማሽኑ ይስባል። የሳበውን የት እንደሚያደርሰው ግን ሶፍት አይናገርም። ሂኔ ወረቀቷ ላይ «የአየር ማውጫው ይሠራል፣ ግድግዳው ታድሷል» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምን ትጻፍ? ፌሌቲም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በጋው አለፈ። መጋቢት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ አዲሱ ቀለም ከላይ ወደ ታች ማበጥ ጀመረ። ፒሲላ ይህን ስታይ እንዲህ ብላ አሰበች፦ «ትንፋሻችን ቢሆን ከታች ነበር የሚጀምረው፣ ይሄ ከላይ ነው የሚመጣው።» መሰላል ከጎረቤት ተዋሰች። በስልሳ ሰባት ዓመቷ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ልጇ «እማዬ ውረጂ፣ እማዬ ተይ» እያለች መሰላሉን እንደያዘችላት ወጥታ የኮርኒሱን ክዳን ከፈተች፤ ባትሪ አበራች። ቱቦ የለም። ማሽኑ አፉን ከፍቶ በቀጥታ ኮርኒሱ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው። የአምስት ሰው የአራት ዓመት የሻወር እንፋሎት ብርድ እንዲከላከል ኮርኒሱ ላይ የተነጠፈው ጥጥ ውስጥ ገብቶ፣ ጥጡ ጠቁሮ፣ ውሃው በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ወርዶ ከአልጋው ጀርባ፣ ታች ሲጠራቀም ኖሯል።

ሰው ላከችብኝ። ቤቴ ከሷ ሦስት አጥር አልፎ ነው። ስደርስ የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጣ፣ ጠጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ባትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

«ሲታሌኪ፣ ያ ማሽን የሚስበውን የት ነው የሚያደርሰው?»

አራት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሲያሌ ስትስል እየሰማሁም ሄጄ አልተናገርኩም።

«ኮርኒስ ውስጥ፣ እማማ።»

«ማን ነው የተከለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ፌሌቲ ጣራው አዲስ ነው፣ አትብሳው አለኝ።»

«አንተም እሺ አልክ።»

«አልኩ።»

በጥፊ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። ባትሪውን አጥፍታ አየችኝ። «ሁለት ልጆች አሉህ አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«እነሱ የሚታጠቡበት ቤት፣ ቱቦው የት ነው የሚወጣው?»

«ጣራ ላይ።»

«አየህ» አለች።

መጋዜን ላምጣና አሁኑኑ ልብሳው አልኳት። «እንዳትነካው» አለችኝ። «እንደ ተከልከው ይቆይ። ከዛሬ ጀምሮ ሲያሌ ካንተ ልጆች ጋር ነው የምታድረው፣ መስኮት ከፍተህ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ የፌሌቲ ሃምሳኛ ልደት ነው። ለክብር ቀን ወገብህ ላይ የምታስረውን የወግ ምንጣፍ አሳጥበህ ና። የምትሸከመው ነገር አለ።»

ሦስቱን ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤቴ እየመጣች የሕፃኗን ጀርባ ደበደበች። ከእኔ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ሚስቴን «ይሄ ባልሽ ሻይ አፍልቶ ይሰጠኛል?» ትላታለች፣ እኔ ፊቷ ቆሜ። አፈላለሁ። አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይሄም ቱቦ የለው» ብላ መለሰችው።

ቅዳሜው ደረሰ። አዳራሹ በቀይ ሪባን አጊጧል። ሃያ አሳማ ተጠብሷል፤ በኮኮናት የተለወሰው ጥሬ ዓሣ፣ የታሮ ቅጠሉ፣ ያም የሚባለው ሥራሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል። ፌሌቲ በአዲስ ኮት መሃል ተቀምጧል። ከጎኑ ሚስቱ ቪካ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ከሁሉም በላይ፣ የላይኛው ምንጣፍ ላይ፣ ፒሲላ። ፓስተሩ ተነሥቶ ስለ ፌሌቲ ተናገረ፤ ደግነቱን ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ «አክስቱን ጎዳና አልጣላትም፣ በገዛ ቤቱ አኖራት» ሲል ሰው አጨበጨበ። ፌሌቲ አንገቱን ደፋ፤ ትሑት መሆኑ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ፒሲላ ተነሣች። የአባት እህት ስትነሣ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

«የወንድሜ ልጅ ቤት ሰጠኝ» አለች በዚያች ቀጭን ድምፅዋ። «እኔ የሌላ ሰው ውለታ ይዤ መቃብር አልገባም። እናቴ የሠራችልኝን፣ ስሞት እንድጠቀለልበት ያስቀመጥኩትን አምጥቼለታለሁ።»

ሰው በአድናቆት አጉረመረመ። የቀብር ታፓዋን የምትሰጥ ሴት ታይታም አታውቅ። ፌሌቲ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያ እንባ እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔና አራት ሴቶች ተሸክመን ገባን። ፒሲላ ጫፉን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ወደ ኋላ እየሄድኩ እንድዘረጋው።

የመጀመሪያው እጥፋት ሲከፈት ሽታው ወጣ፤ ከርሞ የረጠበ ጫማ ነው የሚሸተው። ሁለተኛው ተከፈተ፣ ሦስተኛው። በየእጥፋቱ ያው ጥቁር እድፍ፣ የአልጋው ርብራብ ቅርጽ ሳይቀር ታትሞበት። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ አዳራሹ ረጅም ነው፣ ታፓውም አላልቅ አለ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

ፒሲላ በታፓው ዳር ቀስ እያለች ሄደች። በከዘራዋ ታመለክታለች።

«ይሄ ዓምና ሰኔ ነው፤ ሲያሌ ስድስት ቀን ሆስፒታል የተኛችበት። ይሄ ሐምሌ ነው። ይሄኛው ነሐሴ፤ ሐኪሙ የግራ ሳንባዋ ታች እንደ ድሮው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ ያለን። እዚህ ጋ ነው ጭንቅላቷ የሚያርፈው። ፌሌቲ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ታፓውን መቀባት ግን ረሳ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ሲታሌኪ፣ የመታጠቢያ ቤቴ ማሽን የሚስበው አየር የት ነው የሚወጣው? ጮክ በል፣ ወጥ ቤት ያሉትም ይስሙህ።»

አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ደንበኛዬ ነው። «አይወጣም» አልኩ። «ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚቀረው። ቱቦ የለውም። እያወቅኩ የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ፌሌቲ።»

ፌሌቲ ተነሣ። የአዲሱ ኮቱ አንገት ያነቀው ይመስል ነበር። «አክስቴ፣ እባክዎ፣ ይሄን ቤት ሄደን...»

«ሰው ፊት ሲያመሰግኑህ ቤት እንሂድ አላልክም» አለችው። «ተቀመጥ፤ ስጦታዬን ሰጥቼ አልጨረስኩም።»

ተቀመጠ። ሌላ ምን ያድርግ? የአባት እህት ስጦታ አይመለስም፤ የመለሰው ሰው ከዚያ አዳራሽ ቀና ብሎ አይወጣም። ቪካ ሕፃኑን ለጎረቤቷ አቀብላ ተነሣች፣ እንደ ወጉ የታፓውን ጫፍ ግንባሯ ላይ አስነክታ አመሰገነች። እንባዋ ጠብ ጠብ ይላል። ግራ ቢገባት፣ ሴት ታፓ ስትቀበል ሁልጊዜ የሚባለውን አለች፦ «አልጋችን ስር እናኖረዋለን።»

ይህኔ ፒሲላ ሕፃኑን አየችው። ከአያቱ ጋር እንደሚተኛ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፊቷ ተለወጠ፤ ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«አይሆንም» አለች። «አልጋ ስር እንዳይገባ። ቤት ውስጥም እንዳይገባ። ይሄ ሕፃን ምንም አላደረገኝም። የሰጠሁት ለፌሌቲ ነው። በረንዳችሁ ላይ ይቀመጥ፣ ከመስኮቴ በሚታየኝ በኩል። እንዳይጣል፣ እንዳይቃጠል፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጥ። ቃሌ ነው።»

ከዚያ ላይኛው ምንጣፍ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና የአሳማ ሥጋ እንዲያመጡላት ጠየቀች። ድርሻዋን አሟጣ በላች።

ሰኞ ሳይነጋጋ ፌሌቲ በሬን አንኳኳ። ዓይኔን አያየኝም። «ብሳው» አለኝ፤ ጣራውን ማለቱ ነው። በሳሁት። ቱቦውን አወጣሁ፣ የጠቆረውን ጥጥ በዐሥራ አንድ ጥቁር ላስቲክ ሞልቼ አወረድኩ፣ አዲስ አለበስኩ። ፌሌቲ የመስኮቶቹን ቪቴዎች በገዛ እጁ አንድ በአንድ ፈታ። ፒሲላ ወንበር አውጥታ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ቆጠረቻቸው። ስጨርስ ሶፍት ላሳያት ብል «ሶፍትህን ያዝ» አለችኝ። ከአዳራሹ የተረፈ ቀይ ሪባን ሰጥታኝ ጣራው ላይ ካለው የቱቦ አፍ አሰርኩላት። አሁን በቤቱ ሰው ሲታጠብ ሪባኑ ይውለበለባል፤ ከፌሌቲ በረንዳ ጥርት ብሎ ይታያል።

ዘንድሮ ክረምት ሲያሌ ሆስፒታል የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ጠዋትና ማታ ግን ያው ድብደባ አጥሩን ተሻግሮ ይሰማኛል፤ የሞተው የሳንባዋ ክፍል ሞቷል። የእኔም ሥራ ቀንሷል። ደንበኞቼ መሰላል አስመጥተው ኮርኒሳቸውን ካላዩ አይከፍሉኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ፓስተሩ ሊያስታርቅ ሞክሯል። «እማማ ፒሲላ፣ እስከ መቼ ነው?» አላት።

«የልጅቷ ሳንባ ሲመለስ ታፓዬን መጥቼ እወስዳለሁ» አለችው።

ሚስቴ ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቃት። አንድ ጠዋት ፒሲላ የሲያሌን ጀርባ እየደበደበች ሳለ ጠየቀቻት። «እማማ፣ የቀብር ታፓዎን ሰጡ። እርስዎ በምን ሊጠቀለሉ ነው?»

ፒሲላ እጇን አላቆመችም። «በዚያው ነዋ» አለች። «እኔ የአባቱ እህት ስሞት ለቀብሬ ታፓ የማምጣት ግዴታው የማን ነው? የፌሌቲ። ከኔ የተቀበለውን ትቶ ሌላ ቢያመጣ ሰው ምን ይለዋል? በገዛ ትከሻው ተሸክሞ መንገዱን ያሻግረዋል። አዳራሽም አስገብቶ ይዘረጋዋል። በልደቱ ቀን ያላየ ሰው ያኔ ያየዋል።»

ፌሌቲም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ከባድ ዝናብ ሲጥል ከሥራ ስመለስ አየሁት። በካናቴራ፣ በባዶ እግሩ፣ በረንዳው ላይ ሸራውን ታፓው ላይ እየጎተተ በገመድ ያስራል። ነፋሱ አንዱን ጥግ ሲገልጥበት ሌላውን ይይዛል። ቢበሰብስበት ሁለተኛ ውርደት ነው፣ ደህና ቢቆይለት ደግሞ ያ የቀብሯ ቀን ይጠብቀዋል። መንገዱ ማዶ ፒሲላ ብርድ ልብስ ደርባ መስኮቷ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታ ሰጠኋት፣ አልመለሰችልኝም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።